ማማለያ ከጀልባ ኋላ እየጎተቱ ዓሣ ማጥመድ፦ የትራውትን ዘዴ በጣና ለሚሞክሩ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር፣ በዘጌና በቁንዝላ ዳርቻዎች ዓሣ በመረብና ትል በተሰካበት መንጠቆ ማስገር የቆየ ሥራ ሲሆን፣ ሰው ሠራሽ ማማለያ ከጀልባ ኋላ እየጎተቱ ማጥመድ ግን ለብዙዎቻችን አዲስ ነው። ስለዚህ ዘዴ የሚነገረው አብዛኛው ምክር በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ሐይቆች ለሚኖረው፣ ትራውት ለተባለው ዓሣ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ እንዳለ ወደ ጣና የሚያመጣው ሰው ከፊሉ ይሠራለታል፤ ከፊሉ ደግሞ ገንዘቡንና ጊዜውን በከንቱ ያስጨርሰዋል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት አንዱን ከሌላው ለመለየት ነው።

ማማለያ ምንድን ነው? መጎተት ሲባልስ?

ማማለያ ትንሽ ዓሣ ወይም ነፍሳት መስሎ እንዲታይ ከብረት፣ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከላባ የተሠራ፣ መንጠቆ የተያያዘበት ዕቃ ነው። ትል የተሰካበት መንጠቆ ዓሣን በጠረንና በጣዕም ይጠራል፤ ማማለያ ግን የሚጠራው በእንቅስቃሴው፣ በብልጭታውና በውኃው ውስጥ በሚፈጥረው ንዝረት ስለሆነ፣ ቆሞ ከተቀመጠ ዋጋ የለውም። መጎተት ማለትም ክሩን ከጀልባው ኋላ ለቅቆ፣ ጀልባውን በዝግታ እየነዱ ወይም እየቀዘፉ ማማለያው ሳያቋርጥ እንዲዋኝ ማድረግ ነው። ዘዴው ለሰፊ ሐይቅ የሚስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዓሣው የት እንዳለ በማይታወቅበት ሰፊ ውኃ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ከመጠበቅ ይልቅ ብዙ ውኃ ማሰስ ይሻላል።

በጣና ትራውት አለ?

የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ትራውት የሚመቸው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውኃ ውስጥ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፤ የጣና ውኃ ደግሞ በአብዛኛው ዓመት ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። በአገራችን ትራውት የሚታወቀው በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ጅረቶች ሲሆን፣ እዚያም የደረሰው ከኬንያ ተወስዶ በሰው እጅ ተለቅቆ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር ወደብ «ትራውት እናስይዝሃለን» የሚል ሰው ቢገጥምዎ፣ ስሙን ተሳስቶ ካልሆነ በቀር እውነት አይደለም።

ታዲያ በጣና ማማለያ ተከትሎ የሚይዝ ዓሣ የትኛው ነው?

ይህ ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ነው፤ መልሱ የጣናን ልዩነት ያሳያልና። በገበያ ነጭ ዓሣ የምንለው በሳይንሳዊ አጠራሩ ላቤኦባርበስ የተባለ ወገን ነው። በጣና ውስጥ በዚህ ወገን ሥር የሚመደቡ 15 ገደማ ዝርያዎች ሲገኙ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፣ ሐይቁ እንደ ደሴት ተለይቶ፣ ዓሣዎቹ በውስጡ እርስ በርሳቸው እየተለያዩ ኖረዋል። ከእነዚህ ውስጥ ስምንት ያህሉ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ወገኑ የሚመደብበት የካርፕ ቤተሰብ ዓሣ በል የሚበዛበት ቤተሰብ ስላልሆነ፣ ይህ በዓለም ደረጃ ብርቅ ነው። ይባስ ብሎ አንደኛው ዝርያ ላቤኦባርበስ ትሩቲፎርሚስ ይባላል፤ ትርጉሙም «የትራውት ቅርጽ ያለው» ማለት ነው። የትራውትን ዘዴ በጣና መሞከር ያለ ምክንያት አይደለም የምለውም በዚህ የተነሣ ነው።

እነዚህ አዳኞች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ምግባቸውን የሚያደቁት በጉሮሯቸው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። ከዚህም ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ክር የሚበጥስ ጥርስ ስለሌለ ከማማለያው በፊት የብረት ሽቦ ማሰር አያስፈልግም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ያደነውን ነክሶ መያዝ የማይችል ዓሣ የሚመርጠው ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ የሆነ ምግብ ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ዓሣ በትልቅ ማማለያ ይያዛል የሚለው እምነት እዚህ አይሠራም።

አምባዛም አልፎ አልፎ ከታች አጠገብ በዝግታ የሚሄድ ማማለያ ይይዛል፤ ይሁን እንጂ እርሱ ከዓይኑ ይልቅ በጠረንና በመዳሰስ ስለሚያድን በትል ወይም በቁራጭ ሥጋ ቢሞከር ይሻላል። ቆሮሶና በዞ ግን በአብዛኛው አልጌ የሚመገቡ ስለሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ ማማለያ ቢጎተትላቸው ዞር ብለው አያዩትም።

የትኛውን ዓይነት ማማለያ ልምረጥ?

በትራውት ሐይቆች ላይ በብዛት የሚጎተቱት አራት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ከብረት የተሠራው ማንኪያ ሲሆን፣ ስሙ እንደሚነግረን እጀታው የተቆረጠ የሻይ ማንኪያ ይመስላል፤ ጁሊዮ ቡኤል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1852 የባለቤትነት መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ ቅርጹ እምብዛም አልተለወጠም። ሁለተኛው በዘንጉ ዙሪያ የሚሽከረከር ቅጠል መሰል ብረት ያለው ነው። ሦስተኛው የትንሽ ዓሣ ምስል ሆኖ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራው፣ በአፉ ሥር ምላስ የመሰለ ስስ ፕላስቲክ ያለው ማማለያ ነው፤ የፊንላንዱ ዓሣ አስጋሪ ላውሪ ራፓላ እ.ኤ.አ. በ1936 የመጀመሪያውን ቀርጾ ከሠራ ወዲህ ይህ ዓይነት በስሙ ይታወቃል። አራተኛው ከላባና ከጠጉር የሚታሰረው ነው።

ለጣና ሁለት ብቻ እንድገዛ ብገደድ፣ ከ4 እስከ 6 ሴንቲሜትር የሆነ ቀላል ማንኪያና ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር የሆነ ቀጭን ዓሣ መሳይ ማማለያ እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሐይቁ ውስጥ አዳኞቹ የሚመገቧቸው ብርማ ትናንሽ ዓሣዎች ጣት የማያህሉ ናቸው፤ ማማለያ ደግሞ ዓሣው በየቀኑ የሚያየውን ምግብ መምሰል አለበት። ተሽከርካሪው ማማለያ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ክሩን አብሮ ስለሚያጠማዝዝ፣ ከፊቱ በነጻ የሚዞር ቀለበት ካልታሰረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ክሩ ተጠምዝዞ ተጠምዝዞ የማይፈታ ይሆናል። በላባ የታሰረውን ለጊዜው ይተዉት፤ ውኃው ጥርት ባለበት ቦታ የሚያምር ነው፣ ድፍርስ ውኃ ውስጥ ግን ንዝረት ስለሌለው አይገኝም።

ቀለሙስ?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከፍጥነትና ከጥልቀት በኋላ አስቀምጠዋለሁ። በጠራ ውኃና በጠራራ ፀሐይ ብርማ ቀለም በቂ ነው። ጣና ግን ወንዞቹ በሚያመጡት ደለል የተነሣ በአብዛኛው ድፍርስ ነው፤ በድፍርስ ውኃ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ቀድሞ ይጠፋል፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና መዳብማ ቀለሞች ግን ራቅ ብለው ይታያሉ። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ መዳብማ ወይም ወርቅማ ማንኪያ፣ ውኃው ረጋ ብሎ ሲጠራ ብርማውን ይጠቀሙ። ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ዓሣው ከታች ወደ ላይ ሲመለከት የሚታየው ጥላ ብቻ ስለሆነ፣ ጥቁር ማማለያ ከሚያብረቀርቀው የተሻለ ይታያል።

በምን ፍጥነት ልጎትት?

የዘዴው ልብ ይህ ነው። ለትራውት የሚመከረው ፍጥነት በሰዓት ከ2.5 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ይህም ሰው ዘና ብሎ ከሚራመድበት ጋር ይቀራረባል፤ በጣናም ከዚህ መጀመር ተገቢ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ሞተር ያለው ጀልባ ተከራይቶ፣ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲነሣ ዝግ ያለ መስሎት፣ በሰዓት 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር እየነዳ መጎተቱ ነው። በዚያ ፍጥነት ማንኪያው መወዛወዙን ትቶ እንደ እንዝርት ይሾራል፤ ዓሣውም አይከተለውም።

የስልክዎ የአቅጣጫ ጠቋሚ ፍጥነት ካሳየዎ ይበቃል። ከሌለ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ በሴኮንድ 1 ሜትር መሄድ በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አንድ ቅጠል ከጀልባው አፍንጫ አጠገብ ውኃው ላይ ይጣሉና ጀልባው በሙሉ ቅጠሉን እስኪያልፍ ይቁጠሩ። ጀልባው 5 ሜትር ቢሆንና 5 ሴኮንድ ቢወስድ ፍጥነቱ ትክክል ነው፤ 7 ሴኮንድ ከወሰደ ዝግ ያለ ቢሆንም ይሠራል፤ በ3 ሴኮንድ ካለፈ ግን እየሮጡ ነው። ሞተሩ ከዚያ በታች አልወርድ ካለ፣ ባልዲ በገመድ ከጀልባው ኋላ አስሮ ውኃ ውስጥ መጣል ጀልባውን ይይዘዋል። ከዓባይ መውጫ አጠገብ በጨረጨራ በኩል ሲጎትቱ ግን የስልኩን ቁጥር ብቻ አይመኑ፤ ስልኩ የሚለካው ከመሬት አንጻር ስለሆነ፣ ውኃው ወደ ዓባይ ሲፈስስ ማማለያው በውኃው ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት ከዚያ ይለያል። የቅጠሉ ዘዴ እዚያ ከስልኩ ይበልጣል፤ ቅጠሉ ከውኃው ጋር አብሮ ይሄዳልና።

ክሩን ከመልቀቅዎ በፊት ማማለያውን ከጀልባው ጎን አንድ ሜትር ያህል ውኃ ውስጥ አስገብተው አካሄዱን ይመልከቱ። ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ከሄደ ጥሩ ነው፤ ሙሉ ዙር ከዞረ ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ እንደ ሞተ ቅጠል ከተንሳፈፈ ይጨምሩ።

ቀጥ ብሎ መጎተትም ስሕተት ነው። ጀልባውን እንደ እባብ እያጠማዘዙ ይንዱ፤ በመታጠፊያው ላይ በውጭ በኩል ያለው ማማለያ ይፈጥንና ከፍ ይላል፣ በውስጥ በኩል ያለው ደግሞ ይዘገይና ዝቅ ይላል። ሁለት የማጥመጃ ዘንግ ይዘው ዓሣው የያዘው የትኛውን እንደሆነ ካስተዋሉ፣ የዚያ ቀን ዓሣ ፈጣኑን ወይም ዘገምተኛውን እንደሚፈልግ ሐይቁ ራሱ ነገረዎ ማለት ነው። ይህንን አንድ ነገር የተረዳ ሰው፣ ሣጥን ሙሉ ባለቀለም ማማለያ ከያዘው ይልቅ ዓሣ ይዞ ይመለሳል።

ምን ያህል ክር ልልቀቅ? ጥልቀቱንስ እንዴት ላውቅ?

በትራውት ሐይቆች በበጋ ላይኛው ውኃ ሲሞቅና ታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቀር ዓሣው ወደ ታች ስለሚወርድ፣ አጥማጆቹ ውስጡ እርሳስ የሆነ ክር ወይም በገመድ የሚወርድ ከባድ የብረት ኳስ ይጠቀማሉ። ለጣና ይህን መግዛት አያስፈልግም። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር፣ እጅግ በሚጠልቅበትም 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋሱም ውኃውን ስለሚያማስለው ሙቅና ቀዝቃዛ ሆኖ ለረጅም ጊዜ አይለያይም። ከ20 እስከ 40 ሜትር ክር ለቅቆ፣ ከማማለያው አንድ ሜትር ቀደም ብሎ ከ5 እስከ 10 ግራም የሚመዝን እርሳስ መጨመር ይበቃል። ክሩን ለመለካት ሁለት እጅዎን ዘርግተው ይሳቡ፤ አንዱ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ 20 ጊዜ መሳብ 30 ሜትር ይሆናል። ማማለያው በየጊዜው ከታች ጭቃ ወይም ሣር ይዞ ከመጣ ክሩን ያሳጥሩ፤ በፍጹም ካልነካ ደግሞ ትንሽ ያስረዝሙ።

ክርና ዘንግ?

0.25 ወይም 0.30 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ ናይለን ክር፣ ተጣጣፊ ዘንግና፣ ዓሣው ሲስብ ክሩን የሚይዘው መያዣ ጥብቀቱ የሚስተካከል የክር መጠቅለያ በቂ ነው። መያዣውን አያጥብቁ፤ ጥርስ የሌለው ዓሣ አፉ ለስላሳ ስለሆነ ክሩ ካልላላለት መንጠቆው አፉን ቀድዶ ይወጣል።

በደንገል ታንኳ መጎተት ይቻላል?

ይቻላል፤ እንዲያውም ታንኳ ድምፅ የሌለውና ፍጥነቱ በራሱ ልክ የሆነ ጀልባ ነው። ቀዛፊው መቅዘፊያውን በሳበ ቁጥር ማማለያው ትንሽ ይፈጥንና ይዘገያል፤ ይህ መቆራረጥ የቆሰለ ዓሣ ስለሚያስመስለው ከሞተር ይልቅ የሚማርክበት ጊዜ አለ። ዘንግ ከሌለዎ ክሩን በእንጨት ላይ ጠቅልለው በእጅ መያዝ ይችላሉ፤ በጣትዎ ላይ ግን ፈጽሞ አያስሩት፤ ትልቅ ዓሣ ሲስብ ጣት ይቆርጣል። የሚቀዝፈውን ሰው ሥራውን የሚያውቅ ይምረጡ፤ ምክሩንም ይስሙ።

በየትኛው ሰዓትና ቦታ?

ከንጋት እስከ ረፋድ። ጣና በማለዳ እንደ መስታወት ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ግን ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ያስጨንቃል። ሰዓቱ የሚመረጠው ለዓሣው ብቻ አይደለምና ተንሳፋፊ ጃኬት ሳይለብሱ አይውጡ። ቦታውን በተመለከተ፣ የዘጌ ልሳነ ምድር ድንጋያማ ዳርቻ፣ የክብራንና የእንጦስ ደሴቶች ዙሪያና የውኃው ጥልቀት በድንገት የሚለወጥባቸው ቦታዎች ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆነው ውኃው ከ3 እስከ 6 ሜትር በሚጠልቅበት መስመር ይጎትቱ። በዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ ስላለ፣ በተለይ ማለዳ ከደንገሉና ከሣሩ ዳር ይራቁ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የሰፈረበት ቦታም መጎተት አያስኬድም፤ ማማለያው ወዲያው ይታፈናል።

በክረምት ማጥመድስ?

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ውኃቸው ሲሞላ፣ ዓሣዎቹ በወንዞቹ አፍ ተሰብስበው ቆይተው ወደ ላይ ይጓዛሉ፤ እንቁላላቸውንም ንጹሕ ውኃ በሚፈስስበት ጠጠር ላይ ይጥላሉ። በዚህም ከትራውት ጋር ይመሳሰላሉ። በወንዝ አፍ የተሰበሰበን ዓሣ መያዝ ቀላል ነው፤ ስለዚህም ነው ጉዳቱ የከፋው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብቻ በባሕር ዳር ሰርጥ የነጭ ዓሣ ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዷል። ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ በሌላ ቦታ የማይገኝ ዓሣ ነው። በእነዚህ ወራት በወንዝ አፍ አካባቢ ማማለያ አይጎትቱ ብዬ የምለው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ የአንድ ማለዳ ደስታ ለዚህ ዋጋ ስለማይበቃ ነው።

ፈቃድ ያስፈልገኛል?

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከመውጣትዎ በፊት በአካባቢው የሚገኘውን የዓሣ ሀብት ባለሙያ ስለ ፈቃዱና ማጥመድ ስለተከለከለባቸው ቦታዎች ይጠይቁ።

የያዝሁትን ልብላ ወይስ ልልቀቅ?

ለምግብ አንድ ወይም ሁለት መያዝ ነውር የለውም፤ በተለይ በዐቢይ ጾም ወቅት የዓሣ ፈላጊ በባሕር ዳር እንደሚበዛ ሁላችን እናውቃለን። የሚለቁትን ግን በሕይወት እንዲቆይ አድርገው ይልቀቁ። ሦስት ጫፍ ያለውን መንጠቆ በባለ አንድ ጫፍ ይተኩ፤ ወደ ኋላ የዞረውን እሾሁንም በጉጠት ጨፍልቀው ያጥፉት። ሙቅ ውኃ የሚይዘው አየር ከቀዝቃዛው ያነሰ ስለሆነ ዓሣውን በረጅም ትግል አያድክሙት፤ እጅዎን አርጥበው ይያዙት፤ ስንጥባቱን አይንኩ፤ ከተቻለም ከውኃው ሳያወጡ መንጠቆውን ያላቅቁ።

ትራውትን በዘንገና ሐይቅ ወይም በጮቄ ጅረቶች ብንለቅስ?

በአዊ የሚገኘው ዘንገና በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ከጣና ይልቅ ከፍ ያለና ጥልቅ ሐይቅ በመሆኑ ሐሳቡ ለሰሚው ያጓጓል። ይሁንና ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው በሚፈስስ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ባለ ጠጠር ላይ ስለሆነ፣ ወንዝ በማይገባበት የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ውስጥ አይራባም፤ በየጊዜው ከሌላ ቦታ እያመጡ መጨመር ይጠይቃል። በጮቄ ጅረቶች ደግሞ አደጋው የተገላቢጦሽ ነው፤ ከተራባ የአገሩን ትናንሽ ዓሣዎችና ነፍሳት አድኖ ሊጨርስ ይችላል፤ ከጮቄ የሚወርደውም ውኃ መድረሻው ዓባይ ነው። ማንም ሰው በራሱ ፈቃድ ባዕድ ዓሣ ወደ ውኃ መልቀቅ የለበትም።

ማማለያዬ የአስጋሪ መረብ ቢይዝብኝ ምን ላድርግ?

መረቦች ብዙ ጊዜ በማታ ተጥለው ማለዳ ስለሚነሡ፣ እርስዎ በሚጎትቱበት ሰዓት ገና ውኃ ውስጥ ናቸው። ተንሳፋፊ ምልክታቸውን ካዩ በሰፊው ዞረው ይለፉ። ከያዘብዎ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ፤ ክሩን እየጠቀለሉ ወደ መረቡ ይጠጉና መንጠቆውን በእጅዎ ያላቅቁ፤ እምቢ ካለ የራስዎን ክር ይቁረጡ እንጂ የመረቡን ገመድ አይንኩ። መረቡ ከተቀደደ ባለቤቱን እስኪመጣ ጠብቀው ወይም ወደብ ላይ ጠይቀው ያግኙትና የጠገኑን ዋጋ ይክፈሉት፤ ያ መረብ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው።